ለጎረቤቷ ቢል እንዳትልክ የተከለከለች ከተማ

በፈረንጆቹ ጥቅምት 2016 የዊልሰን ከተማ ምክር ቤት አንድ እንግዳ ውሳኔ አሳለፈ። ዊልሰን ያለችው በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ነው። ውሳኔው ፓይንቶፕስ ለምትባል አነስተኛ የጎረቤት ከተማ የቤት ኢንተርኔት እስከ ስድስት ወር በነፃ ይሰጥ የሚል ነበር። ደግነት ብቻ አልነበረም። የስቴቱ ሕግ ዊልሰን ከካውንቲዋ ወጥታ ኢንተርኔት እንዳትሸጥ ይከለክላታል። መሸጥ አትችይም ይላል እንጂ መስጠት አትችይም አይልም። ምክር ቤቱ በዚያች ቀዳዳ ሾለከ።

ከሥሩ ካላዩት ቀልድ ይመስላል። ፈጣን መስመር ተዘርግቷል። ሰዉ ይፈልገዋል፣ ሊከፍልም ዝግጁ ነው። ሻጯም መሸጥ ትፈልጋለች። መሃል ላይ ሕግ ገብቶ «ቢል እንዳትልኪ» ይላል።

አሜሪካ ያለን ሰዎች ስለ ኢንተርኔት ቢል ስናማርር የምንራገመው ኩባንያውን ነው። እውነት አለን። አፓርታማ ስትከራይ የኢንተርኔት ኩባንያው ከግድግዳው ጋር አብሮ ይመጣል። ሌላ አማራጭ የለም ወይ ስትል «እዚህ ያለው እሱ ብቻ ነው» ትባላለህ። የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ሲያልቅ ዋጋው ይወጣል። ትደውላለህ፣ ሙዚቃ ታዳምጣለህ፣ ትለማመጣለህ። አንዳንዴ አሥር ዶላር ይቀንሱልሃል፤ አንዳንዴ «ሲስተሙ አይፈቅድም» ይሉሃል። የዊልሰን ጉዳይ ግን ከኩባንያው ጀርባ ያለውን ያሳያል። ሁለተኛ መስመር ወደ ቤትህ እንዲገባ ማን ይፈቅዳል፣ ማንስ ይከለክላል የሚለውን። ወሮቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እምቢ የተባለችው ከተማ

ዊልሰን ከስቴቱ ዋና ከተማ ከራሌይ በስተምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ሕዝቧ ወደ 50 ሺህ ይጠጋል። የትምባሆ ከተማ ነበረች፤ በደጉ ዘመን የዓለም ትልቁ የትምባሆ ገበያ እኔ ነኝ ትል ነበር። ቢቢ ኤንድ ቲ የተባለው ትልቅ ባንክ በ1872 የተመሠረተው እዚያ ነው። በ1990ዎቹ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ዊንስተን ሴለም ሄደ። ትምባሆው ቀዘቀዘ፣ ባንኩም ጓዙን ጠቀለለ። ለቀረው ሕዝብ ሥራ የሚያመጣ ነገር መፈለግ የማዘጋጃ ቤቱ ራስ ምታት ሆነ።

ከተማዋ ግን አንድ ሀብት አላት። መብራቱ የራሷ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ያውም ለከተማዋ ብቻ አይደለም፤ በስድስት ካውንቲዎች ውስጥ ደንበኞች አሉት። ምሰሶው፣ መኪናው፣ ምሰሶ የሚወጣው ሠራተኛ፣ ቢል የሚልከው ቢሮ፣ ሁሉም አለ። ይህን ያዙልኝ። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

ከተማዋ መጀመሪያ የራሷን መሥሪያ ቤቶች የሚያገናኝ ፋይበር፣ መረጃን በብርሃን የሚያደርስ ቀጭን የመስታወት መስመር፣ ዘረጋች። ከዚያ ለነዋሪውና ለነጋዴውስ ለምን አይደርስም የሚል ጥያቄ መጣ። በወቅቱ ኬብሉን የያዘው ታይም ዋርነር ኬብል ነበር፤ የስልክ መስመሩን ደግሞ ኢምባርክ። ከተማዋ ሁለቱንም ጠራች። ኑ፣ አብረን እንሥራ አለቻቸው። ሁለቱም እምቢ አሉ።

እምቢታው ክፋት ብቻ ነው ማለት ይቀላል፤ ግን ሒሳብ አለው። የመስመር ወጪ የሚበዛው መጀመሪያ ላይ ነው። መቆፈር አለ። ምሰሶ ላይ መስቀል አለ። ከመንገዱ ተነስቶ እያንዳንዱ ቤት ድረስ መሳብ አለ። አንድ መንገድ ላይ መቶ ቤት ቢኖር፣ ደንበኛ የሚሆነው አሥር ቤትም ይሁን ሰማንያ ቤት፣ መንገዱን መቆፈሩ አይቀርም። ቀድሞ የገባው ኩባንያ ብዙ ደንበኛ ይዞ ወጪውን ይመልሳል። ሁለተኛው ያንኑ ያህል አውጥቶ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። አንድ ወፍጮ ቤት የሚበቃት መንደር ውስጥ ሁለተኛ ወፍጮ እንደመትከል ነው፤ እህሉ ከየት ይመጣል? ባለ አንደኛው ወፍጮም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ድንጋዩ ቢያረጅ ለመቀየር አይቸኩልም። ወረፋው የትም አይሄድበትም።

ታይም ዋርነርም ዊልሰን ውስጥ እንደዚያ ነበር። ያለው ኬብል ገንዘብ ያስገባል። ደንበኛው መሄጃ የለውም። አዲስ ፋይበር ቢዘረጋ ወጪው ይጨምራል እንጂ አዲስ ደንበኛ ብዙም አያገኝም። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም።

የከተማዋ ሒሳብ ግን ሌላ ነበር። ምሰሶው የራሷ ስለሆነ ኪራይ አትከፍልም፤ ፈቃድም አትለምንም። ፋይበሩ ለመብራቱም ያገለግላል፤ ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ለመቆጣጠር፣ ቆጣሪ ለማንበብ ይጠቅማል። በየሦስት ወሩ ትርፍ አሳዩኝ የሚል ባለአክሲዮን የላትም፤ ብድሩን ቀስ ብላ ብትከፍል የሚቆጣት የለም። ደግሞ ትርፍ የምትለው ነገርም ይለያል። ጥሩ መስመር ስላገኘ አንድ ድርጅት ከተማዋ ውስጥ ቢቆይ፣ ለኬብል ኩባንያው አንድ ደንበኛ ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ ግን ግብር ነው፣ ሥራ ነው፣ ከከተማዋ ያልተሰደደ ወጣት ነው።

በኅዳር 2006 ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ የራሳችንን እንዘርጋ አለ። እቅዱ 28 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ገንዘቡ ብድር ነው፤ የሚመለሰውም ከደንበኞች ክፍያ። ስሙን ግሪንላይት አሉት። በ2008 የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ተገናኙ።

የሌላው ኩባንያ ዋጋ

የግሪንላይት መነሻ ጥቅል ቴሌቪዥን፣ ስልክና ኢንተርኔት አንድ ላይ 100 ዶላር ገደማ ነበር። ኢንተርኔቱ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው፤ ለማውረድም ለመላክም እኩል። ዛሬ ትንሽ ይመስላል። በ2008 ግን የኬብል ኢንተርኔት ፊልም ለማየት ደህና ቢሆንም ትልቅ ፋይል ልላክ ስትለው ይንቀራፈፍ ነበር። ለፎቶ ቤት፣ ለማተሚያ ቤት፣ ለሐኪም ቤት ትልቁ ጉዳይ መላኩ ነው። በ2013 ደግሞ ግሪንላይት ፍጥነቱን ወደ ጊጋቢት፣ ማለትም ወደ 1,000 ሜጋቢት፣ አሳደገ፤ በስቴቱ ውስጥ ከሌሎቹ ቀድሞ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የግሪንላይት ዋጋ አይደለም። የታይም ዋርነር ዋጋ ነው። ኩባንያው በራሌይ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ዋጋ ሲጨምር ዊልሰን ላይ ግን ባለበት አቆመው። ኩባንያው ያው፣ ስቴቱ ያው፣ ኬብሉም ያው። ልዩነቱ አንድ ነው። ዊልሰን ያለ ደንበኛ ስልኩን አንስቶ «በቃ፣ ሌላ ጋ ሄጃለሁ» ማለት ይችላል።

ስለዚህ ግሪንላይትን ያልተመዘገበውም ተጠቀመ። ኬብላቸውን መቀየር ያልፈለጉ አዛውንት፣ የለመዱትን ቻናል ትተው የማይሄዱ እናት፣ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራውን ነገር የማያምን ጎረቤት፣ የሁሉም ቢል ባለበት ቆመ። ይህ በማንም መዝገብ ላይ በቅጡ አይታይም። ተቺዎች የማዘጋጃ ቤት ኢንተርኔት አዋጪ መሆኑን ሲመዝኑ ደንበኞቹን ይቆጥራሉ፣ ብድሩን ይደምራሉ፣ ልዩነቱን ያወጣሉ። የሌላው ኩባንያ ዋጋ ስላልጨመረ ነዋሪው ኪስ ውስጥ የቀረውን ገንዘብ ግን የሚደምር የለም።

እኛም ሀገር የሚቀራረብ ነገር አይተናል። በሰኔ 2018 ኢትዮ ቴሌኮም በከፊል ወደ ግል ይዛወራል፣ ዘርፉም ይከፈታል ተባለ። በነሐሴ ድርጅቱ የዋጋ ቅናሽ አወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት 43 በመቶ፣ ብሮድባንድ ደግሞ 54 በመቶ። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት 2022 ነው። የቅናሹ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ብዬ አልሟገትም። ዋጋው እንዲወርድ ግን ተፎካካሪው በአካል እስኪመጣ አልተጠበቀም። የቤት መስመር ጉዳይ ደግሞ ከሞባይሉ ይከብዳል። የሞባይል ተፎካካሪ ማማ ተክሎ ሰፈሩን በሙሉ ይደርሳል። የቤት ፋይበር ግን በየበሩ መድረስ አለበት። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ሀብት እዚያም ይታያል፤ ሳፋሪኮም ከተማ ከከተማ ለመገናኘት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በማስተላለፊያ መስመሮቹ ላይ የዘረጋውን ፋይበር ተከራይቷል።

ወደ ዊልሰን ልመለስ።

ሜዳው እኩል ይሁን

ኩባንያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ2007 ጀምሮ የከተሞችን እጅ የሚያስር ረቂቅ ሕግ ራሌይ ላለው የስቴቱ ምክር ቤት ደጋግሞ ቀረበ። ደጋግሞም ወደቀ። በ2010 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። በ2011 ኤች 129 የተባለው ረቂቅ አለፈ። አገረ ገዢዋ ቤቭ ፐርዱ ዴሞክራት ነበሩ። አልፈረሙበትም፣ ውድቅም አላደረጉትም። ሳይፈረምበት ሕግ ሆነ። ፖለቲከኛ ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም ሲፈልግ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ያው አንድ ወገን ማሸነፉ ነው።

የደጋፊዎቹ መፈክር «ሜዳው እኩል ይሁን» የሚል ነበር። ክርክሩ ውሃ የሚቋጥር ጎን አለው። ማዘጋጃ ቤት እንደ ግል ኩባንያ ግብር አይከፍልም። በዝቅተኛ ወለድ ይበደራል። ምሰሶውም መንገዱም በእጁ ነው። ኩባንያው ምሰሶ ሊከራይ ሲመጣ የሚያስተናግደው ራሱ ተፎካካሪው ነው። ዳኛም ተጫዋችም ሆኖ መግባት ያሳስባል። ይህን የሚል ሰው ሁሉ የኬብል ኩባንያ ተከፋይ አይደለም።

ሕጉ ያስቀመጠውን ሲያዩት ግን እኩልነቱ ወዴት እንዳዘነበለ ይገባል። ከተማ ለዚህ ሥራ ልበደር ካለ ሕዝበ ውሳኔ ያካሂድ። ዋጋ ሲተምን፣ የግል ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ይከፍለው የነበረውን ግብርና ወጪ እንደከፈለ ቆጥሮ ዋጋው ላይ ይደምር። ከወጪው በታች አይሽጥ። ከክልሉ አይውጣ። ከእነዚህ አንዱም የግል ኩባንያውን አይነካውም። ትልቅ የኬብል ኩባንያ ተፎካካሪ ለማንበርከክ ብሎ አንድ ከተማ ላይ ዋጋ ቢሰብር፣ ያጣውን ተፎካካሪ ከሌለበት ከተማ ይሰበስባል። ዊልሰን ግን ሌላ ከተማ የላትም። እኩል የሚባለው ሜዳ ላይ አንዱ እግሩ ታስሯል።

ዊልሰንና ቀድመው የጀመሩ ጥቂት ከተሞች ከአብዛኛው ግዴታ ነፃ ተደረጉ። በምትኩ ግን አጥር ተበጀላቸው። ግሪንላይት ከዊልሰን ካውንቲ ውጭ መሸጥ አይችልም። ከወጣ ደግሞ ነፃ የተደረገበትን መብት ያጣል። የከተማዋ መብራት ስድስት ካውንቲ ይደርሳል፤ ኢንተርኔቷ አንድ። በሌሎቹ ካውንቲዎች ያሉት የመብራት ደንበኞች በየወሩ ከዊልሰን ቢል ይደርሳቸዋል፤ ኢንተርኔት ግን ከእሷ መግዛት አይችሉም።

ሌሎች ከተሞችም ነገሩ ገባቸው። ሆሊ ስፕሪንግስ የተባለች የራሌይ ጎረቤት ፋይበር ዘርግታ ራሷ ከመሸጥ ይልቅ ቲንግ ለተባለ ኩባንያ አከራየች። መውጫ መንገድ ነው፤ ግን ለማከራየትም የሚከራይ መገኘት አለበት።

በሐምሌ 2014 ዊልሰን ከቴነሲዋ ቻተኑጋ ጋር ሆና ለፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ ለሚባለው፣ አቤት አለች። የቻተኑጋ የመብራት ድርጅት በ2010 የጊጋቢት ኢንተርኔት ማቅረብ የጀመረ ነው፤ የእሱም ስቴት ከመብራት ክልልህ አትውጣ ይለዋል። በየካቲት 26 ቀን 2015፣ ሊቀመንበሩ ቶም ዊለር በነበሩበት ጊዜ፣ ኮሚሽኑ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሁለቱን ሕጎች ሻረ። ዊልሰን በሩ ተከፈተልኝ ብላ ወጣች።

ፓይንቶፕስ

ፓይንቶፕስ በኤጅኮም ካውንቲ ያለች፣ 1,300 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከዊልሰን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እርሻ የከበባት፣ ሕዝቧም እየቀነሰ የመጣ ቦታ ነው። ኢንተርኔት ሲባል የስልክ ኩባንያው ሴንቸሪሊንክ በአሮጌው የመዳብ ሽቦ የሚልከው ነበር። የኢምባርክን ሥራ የወረሰው ሴንቸሪሊንክ ነው። ያቺን የምታህል ከተማ ውስጥ ፋይበር የሚዘረጋ ኩባንያ አልነበረም። ቤቱ ጥቂት፣ ገቢው ዝቅተኛ፣ ርቀቱ ብዙ። ለባለአክሲዮን የሚቀርብ ሒሳብ አይወጣውም።

በሚያዝያ 2016 ግሪንላይት ገባ። ትልልቅ ከተሞች ገና የሚያልሙት ፍጥነት ፓይንቶፕስ ደረሰ። በአጎራባቹ ናሽ ካውንቲ ደግሞ አንድ ትልቅ የስኳር ድንች እርሻ ደንበኛ ሆነ። በአሜሪካ ስኳር ድንች በማምረት ኖርዝ ካሮላይናን የሚወዳደር ስቴት የለም። እርሻው ምርቱን በኮምፒውተር የሚለይና የሚያሽግ ዘመናዊ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው ፈጣን መስመር ይፈልጋል። ኢንተርኔት የከተሜ ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ይህን እርሻ አሳዩልኝ። ድንቹ ከማሳ ተነስቶ ገዢው ጋ እስኪደርስ በዚያ መስመር ላይ ያልፋል።

ደስታው አራት ወር ቆየ። በነሐሴ 10 ቀን 2016 የስድስተኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻረ። ዳኞቹ የስቴቶቹን ሕግ ጥሩ ነው አላሉም። ነጥባቸው ሌላ ነው። ከተማ የስቴቱ ልጅ ናት። ስቴት በገዛ ከተማው ላይ ያደረገውን ገደብ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሊያነሳ የሚችለው ኮንግረስ በግልጽ ሥልጣን ከሰጠው ብቻ ነው። አልሰጠውም አሉ። በሕግ ዓይን ካየነው አመክንዮው የሚናቅ አይደለም። ኮሚሽኑም ነገሩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልወሰደውም።

እንግዲህ ዊልሰን ተያዘች። ፓይንቶፕስን ማገልገል ከቀጠለች በራሷ ካውንቲ ያላትን መብት ልታጣ ትችላለች። በራሷ ቤት ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች አደጋ ላይ ይወድቃሉ። በመስከረም ምክር ቤቱ እያዘነ አገልግሎቱ ይቆረጥ አለ። መቁረጫው ቀን ሳይደርስ በጥቅምት መጀመሪያ ማቲው የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ምሥራቃዊው ኖርዝ ካሮላይና በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ኤጅኮም ካውንቲ በጣም ከተጎዱት አንዱ ነው። ጎርፍ ቤቱን ያጠበበትን ሰው ስልክህንና ኢንተርኔትህን ቆርጫለሁ ማለት ለማንም ይከብዳል። ያ የነፃ አገልግሎት ውሳኔ የመጣው በዚያው ወር ነው። ለፓይንቶፕስም፣ ለእርሻውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ2017 የስቴቱ ምክር ቤት ለፓይንቶፕስ ተብሎ አዲስ ሕግ አወጣ። ግሪንላይት ለጊዜው መሸጥ ይችላል አለ። እስከ መቼ? ሌላ ኩባንያ ፋይበር ይዞ እስኪመጣ ድረስ። ሌላው ሲመጣ ግሪንላይት በ30 ቀን ውስጥ ደንበኞቹን ለቆ ይውጣ። ሰድንሊንክ የተባለ የኬብል ኩባንያ እኔ ፋይበር አስገባለሁ አለ፤ በኋላም ወደ ከተማዋ መጣ።

ልብ በሉ። ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ ያላያት ከተማ ናት። ግሪንላይት ገብቶ ሰዉ ደንበኛ መሆኑን ካሳየ በኋላ የግል ኩባንያ ፋይበር ይዞ ሊገባ ተነሳ። ይህ ራሱ ውድድር ምን እንደሚሠራ ያሳያል። ሕጉ ግን ሁለቱ እንዲፎካከሩ አልፈቀደም። አንዱ ሲገባ ሌላው እንዲወጣ አዘዘ። የፓይንቶፕስ ሰው ሁለት ፋይበር በሩ ላይ ኖሮት የመምረጥ ዕድል በሕግ ተነፈገው። «ሜዳው እኩል ይሁን» ሲሉ የነበሩት ሰዎች ሜዳው ላይ አንድ ተጫዋች ብቻ አስቀሩ። ነፃ ገበያ የሚል ሰው ይህን ሕግ እንዴት እንደሚያስረዳ እስካሁን አልገባኝም።

ሳልስበሪ

የማዘጋጃ ቤት ኢንተርኔት ሁሌ ይሳካል ብሎ የሚሰብክ ሰው ካለ እዚያው ስቴት ውስጥ ሳልስበሪን ያስታውሱት። ሳልስበሪ ፋይብራንት የተባለውን የራሷን መስመር በ2010 ጀመረች። ደንበኛው የታሰበውን ያህል አልመጣም፣ ብድሩ ከበደ፣ የከተማዋ የብድር ደረጃ ዝቅ አለ። በ2018 ነዋሪው በድምፁ አጽድቆ መስመሩ ሆትዋየር ለተባለ ኩባንያ ተከራየ።

ዊልሰን ለምን ቆመች፣ ሳልስበሪ ለምን ወደቀች ብሎ አንድ መልስ መስጠት ይከብዳል። አንዱ ልዩነት ግን ፊት ለፊት ይታያል። ሳልስበሪ የራሷ የመብራት ድርጅት የላትም። ምሰሶው የሌላ ነው፤ ፋይበሩን የሚጋራ የመብራት ሥራ የለም፤ ኢንተርኔቱ ብቻውን ብድሩን መሸከም ነበረበት። የጀመረችውም የኢኮኖሚው ቀውስ ባልበረደበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዊልሰን ያደረገችውን ማንኛውም ከተማ ያድርገው ማለት አይቻልም። መብራቱን በእጁ ያልያዘ ማዘጋጃ ቤት ሳይበደር ደጋግሞ ማሰብ አለበት። ግን ይህ ከተማው ራሱ የሚመዝነው አደጋ ነው። ለሳልስበሪ ውድቀት ብሎ የዊልሰንን እጅ ማሰር ሌላ ነገር ነው።

አሥር ዶላር

ዋጋ ቀነሰ ሲባል ለማን የሚለው ይቀራል። 100 ዶላር ከ140 ይሻላል፤ ለቀን ሠራተኛ ግን ሁለቱም ያው ነው። ዊልሰን ውስጥ ደግሞ ድሃው ብዙ ነው። ግሪንላይት በኋላ ከከተማዋ የቤቶች ባለሥልጣን ጋር ተስማምቶ፣ በመንግሥት ቤት ለሚኖሩ ሰዎች በወር 10 ዶላር በሰከንድ 40 ሜጋቢት ማቅረብ ጀመረ። ሕንፃዎቹ አጠገብ ፋይበሩ ተዘርግቶ አልቋል። አንድ ቤት መጨመር ብዙም ወጪ የለውም። እንደ ሞባይል ካርድ ቅድሚያ እየከፈሉ የሚጠቀሙበት መንገድም አለ። ተቀማጭ አይጠየቅም። ያለፈ ዕዳ ወይም የተበላሸ ክሬዲት ያለበት ሰው ኬብል ኩባንያ ጋ ሲሄድ የሚገጥመውን የሚያውቅ የዚህን ጥቅም ይረዳዋል። አዲስ የገባ ስደተኛም ክሬዲት የሚባል ነገር የለውም።

ይህን ከፌዴራሉ ድጎማ ጋር አስተያዩት። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በወር 30 ዶላር የኢንተርኔት ድጎማ ያገኙ ነበር። ብዙ የእኛ ሰዎችም ተመዝግበው ነበር፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበረሰቡ ቢሮ ፎርም ሲሞላ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ወደ 23 ሚሊዮን ቤተሰብ ተመዘገበ። ኮንግረስ የመደበው 14.2 ቢሊዮን ዶላር አለቀ። በጀት የሚጨምር ጠፋ፤ በሰኔ 2024 ፕሮግራሙ ቆመ። ሰዎች የሙሉ ዋጋው ቢል መጣላቸው።

ድጎማው ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ አላጣጥለውም። ግን የሠራው ለደንበኛው የቢሉን ከፊል መክፈል ነው። ዋጋውን አልነካውም። አንድ ኩባንያ ብቻ ባለበት ሰፈር የመንግሥት ገንዘብ በደንበኛው እጅ አልፎ እዚያው ኩባንያ ጋ ገባ። ገንዘቡ ሲቆም ሰፈሩ ላይ የቀረ አዲስ መስመር የለም፤ የተጨመረ አማራጭም የለም። ዊልሰን ያወጣችው ገንዘብ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ፋይበሩ ግን አሁንም ምሰሶው ላይ አለ።

ታይም ዋርነር ኬብል ዛሬ በዚያ ስም የለም፤ በ2016 ቻርተር ገዝቶት ስፔክትረም ተብሏል። ኮሚሽነሮቹ ተቀያይረዋል፣ አገረ ገዢዋም ከወንበሩ ከወረዱ ቆይተዋል። ኤች 129 ግን አልተሻረም። ግሪንላይትም ከዊልሰን ካውንቲ ወጥቶ እንዳይሸጥ የተጣለበት ክልከላ እንዳለ ነው።